መጀመሪያ ምንባቡን እናንብብ

ሥራዬ ከመምህራን ጋር ተቀምጦ ትምህርት ማቀድ ነው። የምኖረውም የምሠራውም ሜሪላንድ ነው። ድሮ የራሴ ክፍል ነበረኝ፤ አሁን ግን አብዛኛው ጊዜዬ የሚያልፈው ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ከሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ጋር ነው። አንድ ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን። መሃል ላይ የስታንዳርዶች ዝርዝር ይዘረጋል፤ ስታንዳርድ ማለት ልጆች በየክፍሉ ምን ማወቅና መቻል እንዳለባቸው የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ አንዱ ይጠይቃል፦ "እሺ፣ ይሄ እንግዲህ ክፍል ውስጥ ምን ማለት ነው?"

ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። እኔ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ከሚጠየቁት ሁሉ ትልቋ ናት ብዬ አምናለሁ። ልጆቹ ሰኞ ጠዋት የሚያነቡትም፣ የሚጽፉትም፣ የሚያስቡትም መምህሩ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር በተረዳበት ልክ ነው። አሳንሶ ከተረዳው ልጆቹም ያንሳሉ። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ማንም ሳይሰንፍ ያንሳሉ።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ዳራ ልስጥ። አሜሪካ ውስጥ ልጆች በየክፍሉ ምን ማወቅ እንዳለባቸው የሚወስነው ግዛቱ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 የግዛት ገዢዎች ማኅበርና የግዛት ትምህርት ኃላፊዎች ምክር ቤት ያስተባበሩት "ኮመን ኮር" የሚባለው የጋራ ስታንዳርድ ወጣ። ከ40 በላይ ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ተቀበሉት። ቴክሳስና ቨርጂኒያ ከመጀመሪያውም አልገቡበትም። ኢንዲያና በ2014 ትታው ወጣች፤ ፍሎሪዳ በ2020 የራሷን አወጣች። ሜሪላንድ ሌላ ስም ሰጥታ ይዛዋለች። ፖለቲካው ብዙ ነው፤ እሱን ልለፈው። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ የምታስተምር ጓደኛ አለችኝ። እሷ የምትከተለው ዝርዝር ሌላ፣ ኮዱም ሌላ ነው። አንዳንዴ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እናያለን። ልጁ ያነበበውን ተረድቶ፣ ከምንባቡ ማስረጃ አቅርቦ መናገርና መጻፍ አለበት የሚለው ግን ሁለቱም ጋ አለ።

የኮመን ኮር የእንግሊዝኛ ክፍል 32 መሠረታዊ ስታንዳርዶች አሉት። 10 የንባብ፣ 10 የጽሕፈት፣ 6 የመናገርና የማዳመጥ፣ 6 የቋንቋ። እነዚህ በየክፍሉ ተዘርዝረው ይወርዳሉ። እያንዳንዳቸው ኮድ አላቸው። "አር.አይ. 4.3" ሲባል መረጃ ሰጪ ጽሑፍ ማንበብ፣ አራተኛ ክፍል፣ ሦስተኛው ስታንዳርድ ማለት ነው። መምህራን ኮዱን ዕቅዳቸው ላይ እንዲጽፉ ይጠየቃሉ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ሰሌዳው ላይ ሁሉ እንዲለጠፍ ይፈልጋል።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መምህራን "አንፓክ ማድረግ" የሚሉት የተለመደ አሠራር አለ። ዓረፍተ ነገሩ ይወሰድና ግሶቹ ይከበባሉ፣ ስሞቹ ይሰመርባቸዋል። ከዚያ ሠንጠረዥ ይሞላል። ከሠንጠረዡ "ተማሪው ዋና ሐሳብ መለየት ይችላል" የምትል የዕለት ዓላማ ትወጣለች። ከዚያ ለዓላማዋ የሚሆን ምንባብ ይፈለጋል። ማንኛውም ምንባብ ይሆናል፤ ዋና ሐሳብ የሌለው ምንባብ የት አለ? ሰኞ ስለ ፔንግዊን፣ ማክሰኞ ስለ ራይት ወንድማማቾች፣ ረቡዕ ስለ እሳተ ገሞራ። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ዋና ሐሳብ ሲለዩ ይከርማሉ። ዓርብ ዕለት ስለ ፔንግዊንም ስለ እሳተ ገሞራም የሚያውቁት ነገር እምብዛም ነው።

ስታንዳርዱን ተጠንቅቆ ማንበብ አይከፋም፤ እኔም ከመምህራን ጋር በየቃሉ እቆያለሁ። ችግሩ ንባቡ ከወረቀቱ ላይ ጀምሮ ወረቀቱ ላይ ማለቁ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያስተማረ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። በዕለታዊው ዕቅድ ቅጽ ላይ "ከዚህ ትምህርት በኋላ ተማሪዎች ... ይችላሉ" የምትል ቦታ አለች። ቦታዋ ትሞላለች፣ የዲፓርትመንት ኃላፊው ይፈርማል፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። ትምህርቱ ደግሞ በራሱ መንገድ ይሄዳል። አሁን አሁን እዚህ ያሉ አንዳንድ መምህራን ስታንዳርዱን ለቻትጂፒቲ ይሰጡትና በሰከንዶች ውስጥ ያማረ ሠንጠረዥ ያወጣላቸዋል። ጊዜ ለሌለው ሰው ፈተናው ይገባኛል። ግን ልጆቹ የሚያነቡትን ምንባብ ሳናነብ የተሠራ ዕቅድ ባዶ ነው፤ ማንም ይሥራው ማን።

የሚገርመው የኮመን ኮር ሰነድ ራሱ ይህን አለመጠየቁ ነው። መግቢያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ እያንዳንዱ ስታንዳርድ የግድ ለብቻው መማሪያና መፈተኛ መሆን የለበትም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ጥሩ ሥራ በርካታ ስታንዳርዶችን አንድ ላይ ይይዛል ይላል። ልጆች ምን ማወቅና መቻል እንዳለባቸው እንጂ መምህሩ እንዴት ማስተማር እንዳለበት እንደማይወስንም ይናገራል። ይህን ገጽ ከመምህራን ጋር ስከፍተው ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚያዩት። ዝርዝሩ ተገንጥሎ በኢሜይል ይደርሳቸዋል፤ መግቢያው ግን አብሮ አይላክም።

አንድ የዕቅድ ሰዓት በቅርብ ላሳያችሁ።

ሁለት የአራተኛ ክፍል መምህራን ናቸው። ምንባቡ ስለ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ኦይስተር ነው። ኦይስተር በጠንካራ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው፤ ለሜሪላንድ ልጅ የቤቱ ወሬ ነው። የመምህራኑ ዕቅድ ተዘጋጅቶ አልቋል። ኮዱ አር.አይ. 4.2፣ ዋና ሐሳብና ደጋፊ ዝርዝሮች። ወርክሺቱ ላይ የጠረጴዛ ሥዕል አለ። ከላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ዋናው ሐሳብ ይጻፋል። በአራቱ እግሮች ላይ አራት ዝርዝሮች ይሞላሉ። ይህ ወርክሺት የሌለበት የአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም።

"ስታንዳርዱን ለትንሽ ጊዜ ወደ ጎን እናድርገው፤ መጀመሪያ ምንባቡን እናንብብ" አልኩ። ሦስታችንም እርሳስ ይዘን ዝም ብለን አነበብን። ከዚያ ጠየቅኩ፦ ልጆቹ ይህን አንብበው ሲወጡ ስለ ኦይስተር ምን እንዲገባቸው ነው የምንፈልገው?

"ኦይስተር ጠቃሚ ነው የሚለው" አለች አንዷ።

"ለማን ነው የሚጠቅመው ግን?" አለች ሌላዋ። "እስቲ አምስተኛው አንቀጽ ጋ ተመልከቺ። ሸርጣኑ እኮ የመጣው እዚያ ነው።"

ከዚህ በኋላ ሥራው ሕይወት ዘራ። ምንባቡ የሚለው እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ኦይስተር በቀን እስከ 50 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 190 ሊትር ገደማ ውሃ ማጣራት ይችላል። ሰው ከመጠን በላይ ስላወጣውና በሽታ ስለገባበት፣ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ድሮ ከነበረው ኦይስተር የቀረው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የሚያጣራ ሲጠፋ ውሃው ደፈረሰ። ውሃው ሲደፈርስ የፀሐይ ብርሃን ወደ ታች መድረስ አቃተው። ብርሃን ያጣው የውሃ ውስጥ ሣር መነመነ። ሣሩ ውስጥ እየተደበቁ የሚያድጉት ትንንሽ ሰማያዊ ሸርጣኖች መጠለያ አጡ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልተናገረም። ማጣራቱ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው፤ ሣሩና ሸርጣኑ አምስተኛው ላይ። መሃሉን ማገናኘት የአንባቢው ሥራ ነው።

አሁን የጠረጴዛውን ወርክሺት ተመልከቱ። አንድ ልጅ "ኦይስተር ውሃ ያጣራል" የሚለውን አንደኛው እግር ላይ፣ "ሸርጣን ሣር ውስጥ ይኖራል" የሚለውን ሦስተኛው ላይ ቢጽፍ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ቦታቸውን ቢቀያይራቸውም ያው ነው። ምንባቡ ውስጥ ግን ነገሩ በሙሉ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አንዱ አንዱን አስከተለ። ልጁ ይህን ሳይረዳ ወርክሺቱን ጨርሶ ሊያስረክብ ይችላል፤ መምህሯም ገብቶታል ብላ ልታልፍ ትችላለች።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርነው፦ "ኦይስተር ሲቀንስ ሸርጣን ለምን ይቸገራል? ከምንባቡ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አስረዱ።" ከዚያ ነው ወደ ዝርዝሩ የተመለስነው። አር.አይ. 4.3 ልጁ በሳይንስ ወይም በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ምንባቡ ውስጥ ባለው መረጃ ተመሥርቶ እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ቁልጭ ብሎ የተቀመጠው ጥያቄያችን ነው። 4.1 ዝርዝርና ምሳሌ መጥቀስን ይጠይቃል፤ አለ። 4.2 ዋና ሐሳቡና ድጋፉ ነው፤ እሱም አለ፣ ያውም ከጠረጴዛው በተሻለ። መልሱ ሲጻፍ የጽሕፈቱ ስታንዳርድ ይገባል። ከመጻፋቸው በፊት ሁለት ሁለት ሆነው ሲወያዩ የመናገርና የማዳመጡ ይገባል። ምንም ነገር አልዘለልንም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅነው።

የቀረውን ጊዜ የወሰደው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔ የምወደውም እሱን ነው። ሦስታችንም መልሱን ራሳችን ጻፍነው። አንድ ጎበዝ የአራተኛ ክፍል ልጅ ሊጽፍ የሚችለውን ያህል፣ በልጅ አቅም። ስንጽፍ ነው የምንባቡ እሾህ የተገኘው። አንድ ዓረፍተ ነገር "ይህም ሣሩ እንዳያድግ አደረገው" በሚል ይጀምራል። "ይህ" የተባለው ምንድን ነው? ውሃው መደፍረሱ? ኦይስተሩ መቀነሱ? ብርሃን አለመድረሱ? ትልቅ ሰው ሳያስተውል ያልፈዋል። ልጁ ግን እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ በነገታው ክፍል ውስጥ ቆም የሚባልበት ቦታ ታወቀ። የትኛውም የስታንዳርድ ሠንጠረዥ ያንን ቦታ አይነግራችሁም። ምንባቡ ብቻ ነው የሚናገረው።

የልጆቹን ወረቀት በኋላ አብረን አየን። ብዙዎቹ ከኦይስተር ቀጥታ ወደ ሸርጣን ዘልለዋል፤ መሃሉ ላይ ብርሃኑና ሣሩ የለም። አንዲት ልጅ በበኩሏ የሰንሰለቱን ቀለበት ሁሉ በቅደም ተከተል ጽፋ፣ መጨረሻ ላይ "ስለዚህ ሸርጣን መብላት የሚወዱ ሰዎች ኦይስተር መጠበቅ አለባቸው" ብላ ጨምራለች። መምህሯ ወረቀቱን ደጋግማ ነው ያነበበችው። የሚቀጥለው ቀን ትምህርት ምን መሆን እንዳለበት ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ልጆቹ የዘለሉት ቦታ ነዋ!

ስታንዳርድን ስለማንበብ ሁለተኛው የማምንበት ነገር ለብቻው አለማንበብ ነው። ከላይና ከታች ያሉትን ክፍሎች አብሮ ማየት ያስፈልጋል። የንባቡን የመጀመሪያ ስታንዳርድ ውሰዱ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ልጁ ለመልሱ መነሻ ያደረገውን ከጽሑፉ ያሳያል። አራተኛ ላይ ዝርዝርና ምሳሌ ይጠቅሳል። አምስተኛ ላይ ቃል በቃል በትክክል ይጠቅሳል። ስድስተኛ ላይ ለትንታኔው ማስረጃ ያቀርባል። ሰባተኛ ላይ ማስረጃው በርካታ ይሆናል። ስምንተኛ ላይ ደግሞ ትንታኔውን ከሁሉ አጠንክሮ የሚደግፈውን ማስረጃ ያቀርባል። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ጽሑፉ ራሱ ሳይወስን የተወውን ነገር ለይቶ ያወጣል።

ሰባተኛና ስምንተኛ መሃል ያለችውን ለውጥ ልብ በሉ። ሰባተኛ ላይ ማብዛት ነው፤ ስምንተኛ ላይ መምረጥ ነው። "ሦስት ማስረጃ አምጡ" የሚል የስምንተኛ ክፍል መምህር ኮዱን በትክክል ጽፎ የሰባተኛን ትምህርት እያስተማረ ነው። ሥራው ሌላ መሆን ነበረበት። ሦስቱን ማስረጃ መምህሩ ራሱ ይስጥና "የትኛው ነው ውሃ የሚያነሳው? ሌሎቹስ ለምን ይደክማሉ?" ብሎ ይጠይቅ። ልጆች ሲከራከሩ የምታዩት ያኔ ነው። አንድ የስምንተኛ ክፍል መምህር ይህን መሰላል ከላይ እስከ ታች ካየ በኋላ የዓመቱን ጥያቄዎቹን አውጥቶ አንድ በአንድ ሲያስተካክል አመሸ። ማንም አላዘዘውም።

በተሳሳተ ንባብ ብዙ ጉዳት የደረሰበት ሌላም ቦታ አለ። ሰነዱ ልጆች ከሚያነቡት ውስጥ የመረጃ ጽሑፍ ድርሻ አራተኛ ክፍል ላይ 50 በመቶ፣ ስምንተኛ ላይ 55፣ አሥራ ሁለተኛ ላይ 70 በመቶ መሆን አለበት ይላል። ይህ ቁጥር ሲሰማ በየቦታው የእንግሊዝኛ መምህራን ልብ ወለድና ግጥም ከክፍላቸው ማውጣት ጀመሩ። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ልጁ በትምህርት ቀኑ በሙሉ ስለሚያነበው ነው። የታሪኩ፣ የሳይንሱ፣ የሲቪኩ ንባብ ሁሉ ይቆጠራል። ሰነዱም ይህን በግርጌ ማስታወሻ ጽፎታል። አንዲት የግርጌ ማስታወሻ ባለመነበቧ ስንት ግጥም እንደተዘለለ ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለ ዕውቀትም ላንሳ፤ ከኦይስተሩ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሬክትና ሌስሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 64 የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ አስነበቡ። በንባብ ደካማ የተባሉ፣ ግን ቤዝቦል የሚያውቁ ልጆች፣ በንባብ ጎበዝ ሆነው ቤዝቦል ከማያውቁት በተሻለ ተረዱት፤ አስታወሱትም። ይህ ጥናት ለእኔ ሥራ ቀልድ አይደለም። አንብቦ መረዳት ከርዕሱ ዕውቀት ጋር የተጋመደ ከሆነ፣ ሰኞ ፔንግዊን ማክሰኞ ራይት ወንድማማቾች የሚለው አካሄድ ልጁን የትም አያደርሰውም። ስለ ባሕረ ሰላጤው ሦስት ሳምንት ይቆይ። ሁለተኛውን ምንባብ ሲያነብ የመጀመሪያው ያግዘዋል፤ ሦስተኛው ከባድ ቢሆንም ይደፍረዋል። ስታንዳርዶቹ የትኛውን ዕውቀት እንደምናስተምር አይነግሩንም። ያንን መምረጥ የመምህሩና የሥርዓተ ትምህርቱ ኃላፊነት ነው። እኔ ምርጫውን እንደ ትልቅ አደራ ነው የማየው።

ወደ እኛ ልጆች ልምጣ። በምሠራበት አካባቢ አማርኛ በብዙ ቤት የሚነገር ቋንቋ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአማርኛ ማስታወቂያ የሌለበት መንገድ ማግኘት ይከብዳል። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር በቅርቡ መጥቶ አራተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ አለ። ለእሱ ስታንዳርዱ እንዴት ይነበብ? ሰነዱ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የሚያስፈልገውን ድጋፍ በሙሉ መዘርዘር ከአቅሙ በላይ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ያንን ክፍተት ለመሙላት ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ግዛቶች ዊዳ የሚባለውን የቋንቋ ዕድገት ማዕቀፍ ይጠቀማሉ። የ2020 እትሙ የትምህርት ቤት ቋንቋን በአራት አገልግሎቶች ይከፍለዋል፦ መተረክ፣ ማሳወቅ፣ ማስረዳት፣ መከራከር።

የኦይስተሩ ጥያቄ "ማስረዳት" ነው። ስለዚህ ገና እንግሊዝኛ የጀመረው ልጅ የሚያስፈልገው የማስረዳት ቋንቋ ነው። "ምክንያቱም"፣ "ስለዚህ"፣ "ከዚህ የተነሳ" የሚባሉት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚያያይዙ ይማር። የደፈረሰና የጠራ ውሃ ሥዕል ይሰጠው። ዓረፍተ ነገሩ ተጀምሮለት እሱ ይጨርሰው። አማርኛ የሚናገር ጓደኛ ካለው መጀመሪያ በአማርኛ ይወያዩበት፤ ሐሳቡ ከጠራለት በኋላ እንግሊዝኛው ይቀላል። ጥያቄው ግን ያው የሌሎቹ ጥያቄ ይሁን። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ሌላ ነው፦ ሌሎቹ ስለ ሸርጣኑ ሲያስረዱ እሱ የኦይስተር ሥዕል ቀለም ይቀባል፣ ወይም የአንደኛ ክፍል ምንባብ ይሰጠዋል። የሚሰጡት በርኅራኄ ነው፤ አዝነውለት ነው። ልጁ ግን አገሩ ሳለ ውሃ ሲደፈርስ ምን እንደሚሆን በዓይኑ አይቶ ይሆናል። የጎደለው ቋንቋ ነው፤ ማሰብ አይደለም።

ቲኤንቲፒ የተባለው የአሜሪካ የትምህርት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት ተማሪዎች ከተሰጣቸው ሥራ 71 በመቶውን እንደታዘዙት ሠርተዋል። ያንኑ ሥራ በክፍላቸው ስታንዳርድ ሲመዘን ግን መስፈርቱን ያሟላው 17 በመቶ ብቻ ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሃል ያለው ክፍተት የልጆቹ ስንፍና አይደለም። የታዘዙትን ሠርተዋል። የታዘዙት ነው ያነሰው።

ይህ ለወላጆችም ይመለከታል። የእኛ ወላጆች ደረጃ ነው የለመዱት፤ ስንተኛ ወጣ ነው ጥያቄው። እዚህ ደግሞ ሪፖርት ካርዱ ላይ አንድ ፊደል ይመጣል፤ ኤ ከሆነ ቤቱ በደስታ ይሞላል። አንዲት እናት "እህቴ፣ ልጄ ኤ እያመጣ ፈተናው ላይ ለምን ዝቅ ይላል?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። መልሱን ማወቅ የሚቻለው የልጁን ሥራ በማየት ነው አልኳት። ለወላጆች የምመክረው አንድ ነገር ነው። የመምህራንና የወላጆች ቀጠሮ ላይ "ልጄ ጎበዝ ነው ወይ?" ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። "በዚህ ሳምንት ያነበበውን ምንባብና የመለሰውን ጥያቄ ሊያሳዩኝ ይችላሉ?" በሉ። በአስተርጓሚም ቢሆን ጠይቁ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ምንባቡንና ጥያቄውን ያየ ወላጅ፣ እንግሊዝኛው ባይሞላለትም፣ ልጁ ማሰብ እየተጠየቀ ነው ወይስ ባዶ ቦታ እየሞላ ነው የሚለውን ያውቃል።

የቀረው የጊዜ ነገር ነው። ለመምህራን ይህን ሁሉ ስናገር የሚመልሱልኝ አንድ ነው፦ "ልክ ነሽ፣ ግን መቼ?" እውነታቸውን ነው። የዕቅድ ሰዓት ተብሎ የተያዘው በስብሰባ፣ በቀረ መምህር ምትክ ክፍል በመግባት፣ ቅጽ በመሙላት ያልቃል። ሜሪላንድ በ2021 ባጸደቀችው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ መምህራን ከሥራ ሰዓታቸው 60 በመቶውን ብቻ ክፍል ውስጥ አስተምረው፣ የቀረውን አብሮ ለማቀድና ልጆችን ለይቶ ለመርዳት እንዲያውሉት ታስቦ ነበር። ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። በ2025 ግን ይህ የሕጉ ክፍል የሚጀመርበት ጊዜ ወደ ኋላ ተገፋ። መምህር የለም፣ ገንዘብ የለም ተባለ።

እኔ የትምህርት ቤት ኃላፊዎችን የምለምነው እስከዚያው ያለንን እንድንጠቀምበት ነው። ኮድ የተለጠፈበትን ሰሌዳ እያዩ ምልክት ማድረጉ ይቅር። የዕቅድ ቅጹ አንድ ገጽ ይሁን። በሳምንት አንዲት የማትነካ ሰዓት ትኑር፤ ስብሰባም ሆነ ምትክ አይግባባት። በዚያች ሰዓት የአንድ ክፍል መምህራን የሚመጣውን ሳምንት ምንባብ አብረው ያንብቡ፣ ጥያቄውን አብረው ያውጡ፣ መልሱን በእጃቸው ይጻፉት። ስታንዳርዱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይቆይ፤ ሲያስፈልግ ይገለጣል። ዳይሬክተሩም ጊዜ ካለው እርሳስ ይዞ አብሮ ይቀመጥና ያንብብ።